የኮሌስትሮልና የድባቴ መድኃኒት አንድ ላይ ሲታዘዙ፦ የትኛው ከየትኛው ጋር ይስማማል?

ከደንበጫ አካባቢ የመጡ አንድ ሽማግሌ በጥቁር ፌስታል ቋጥረው የያዟቸውን መድኃኒቶች፣ እኔ በምሠራበት የደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤት መስታወት ላይ አንድ በአንድ ደረደሯቸው፤ ሲምቫስታቲን 40 ሚሊግራም፣ አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም፣ ፍሉኦክሴቲን 20 ሚሊግራም። የፍሉኦክሴቲኑ ማሸጊያ ግማሹ እንኳ አልተነካም። «ልጄ፣ ይኸኛው የስቡ ነው፤ ይኸኛው የግፊቱ፤ ይኸ ደግሞ የጭንቀቱ። የስቡና የጭንቀቱ አብረው ከተዋጡ ጉበት ይበላሉ ብሎ ጎረቤቴ ስለ ነገረኝ፣ የጭንቀቱን ከተውሁት ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እግሬን ግን አሁንም ይቆረጥመኛል» አሉኝ።

ሽማግሌው የፈሩት ጥንድ ብዙም የማያሰጋ ነበር። ሊታሰብበት የሚገባው ጥንድ ሲምቫስታቲኑና የግፊቱ አምሎዲፒን ሲሆኑ፣ ስለ እነርሱ ግን ማንም ምንም አላላቸውም። ከባንኮኒ ጀርባ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ የኮሌስትሮል መድኃኒትና የድባቴ መድኃኒት አብረው ሲታዘዙ አብዛኞቹ ጥንዶች በሰላም ይኖራሉ፤ የማይስማሙት ጥቂቶች በስማቸው የታወቁ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ችግር የሚያመጣው ደግሞ ማንም ያላሰበበት ሦስተኛ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ንጽጽር ሕመምተኛው ከሐኪሙ ጋር ሲመካከር አማራጮቹን አውቆ እንዲጠይቅ ለማገዝ እንጂ፣ ራሱ መድኃኒት እንዲቀይር ወይም እንዲያቆም አይደለም።

አንድ ወፍጮ፣ ብዙ እህል

የምንውጠው መድኃኒት ሥራውን ጨርሶ ከሰውነት እንዲወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጉበት ውስጥ ባሉ ኢንዛይሞች መፈጨት ይኖርበታል። ነገሩ ከገጠር ወፍጮ ቤት ጋር ይመሳሰላል። አንድ ወፍጮ ላይ የብዙ ሰው እህል ተራውን ይጠብቃል፤ አንዱ ሃያ ኩንታል ጭኖ መጥቶ ወፍጮውን ቀኑን ሙሉ ቢይዘው፣ የሌላው እህል ሳይፈጭ በር ላይ ይከመራል። ሲዋይፒ 3ኤ4 የሚባለው ኢንዛይም እንዲህ ያለ ወፍጮ ነው፤ ሲምቫስታቲንና ሎቫስታቲን ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል መጠን፣ አቶርቫስታቲን ደግሞ ከእነርሱ ባነሰ መጠን የሚፈጩት እዚህ ነው። ሌላ መድኃኒት ወፍጮውን ሲይዘው ስታቲኑ፣ ማለትም ስሙ በ«ስታቲን» የሚያልቀው የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ የተከማቸ ስታቲን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ጡንቻን ነው።

ሮሱቫስታቲንና ፕራቫስታቲን በዚህ ወፍጮ ላይ አይጠብቁም፤ በተለይ ሮሱቫስታቲን አብዛኛው ክፍሉ ሳይፈጭ እንዳለ ይወጣል። የድባቴ መድኃኒቶችም በአብዛኛው የሚጠቀሙት ሌሎች ወፍጮዎችን ነው፤ ሲዋይፒ 2ዲ6 እና ሲዋይፒ 2ሲ19 የሚባሉትን። ሁለቱ ወገኖች ብዙ ጊዜ የማይጋፉት በዚህ ምክንያት ነው። በነገራችን ላይ ሁለቱም ቤተሰቦች የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ የመጀመሪያው ስታቲን ሎቫስታቲን አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ ፍሉኦክሴቲንም የተፈቀደው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነበር።

ታዲያ የጎረቤትየው ፍርሃት ከምን መጣ? ሙሉ በሙሉ ከሜዳ የተነሣ አይመስለኝም። ኔፋዞዶን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ነበር፤ 3ኤ4ን አጥብቆ ይይዝ ስለ ነበር፣ ከሲምቫስታቲን ጋር የወሰዱት ሰዎች ጡንቻቸው ክፉኛ የተጎዳበት ሁኔታ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። ራሱ መድኃኒቱ ደግሞ በጥቂት ሰዎች ላይ ጉበትን እስከ ማጥፋት በማድረሱ፣ አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ መሸጡን አቁሟል። የዚያ መድኃኒት ጦስ ግን ዛሬም ለማይመለከታቸው ለእነ ፍሉኦክሴቲን ተርፏል።

ከስታቲኖቹ የትኛው?

በጎጃም ከተሞች መድኃኒት ቤቶች በብዛት የማገኛቸው ሦስት ናቸው፤ ሲምቫስታቲን፣ አቶርቫስታቲንና፣ አልፎ አልፎ፣ ሮሱቫስታቲን።

ሲምቫስታቲን ዋጋው የማይከብድና ለብዙ ዓመታት የተፈተነ መድኃኒት ነው። በ20 ሚሊግራም መጠን መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤልን፣ ከሲሶ በጥቂት ከፍ ባለ መጠን ይቀንሳል። በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት በመሆኑና ጉበትም ኮሌስትሮልን በይበልጥ የሚሠራው በሌሊት በመሆኑ፣ የሚወሰደው ማታ ነው። ድክመቱ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ነው፤ በ3ኤ4 ወፍጮ ላይ ፍጹም ጥገኛ ስለሆነ፣ ወፍጮውን የሚይዝ ማንኛውም እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር 80 ሚሊግራም ሲምቫስታቲን ለአዲስ ሕመምተኛ እንዳይጀመር ያስጠነቀቀው በጡንቻ ጉዳት ምክንያት ነበር። በዚያው ማስጠንቀቂያ ውስጥ አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲንን ከ20 ሚሊግራም በላይ እንዳይወስድ ተገልጿል። የሽማግሌው ፌስታል የያዘው 40 ሚሊግራም ነበር።

አቶርቫስታቲን በ10 ሚሊግራም ከ35 እስከ 40 በመቶ፣ በ80 ሚሊግራም ደግሞ ከግማሽ በላይ ኤልዲኤልን ይቀንሳል። በደም ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ጠዋትም ማታም ቢወሰድ ለውጥ የለውም፤ ይህም ለጾመኛና ለመንገደኛ ትልቅ ምቾት ነው። 3ኤ4ን ቢጠቀምም እንደ ሲምቫስታቲን አይጎዳበትም፤ ከአምሎዲፒን ጋር ሲታዘዝም በዚያ ምክንያት መጠኑን መገደብ አያስፈልግም።

ሮሱቫስታቲን በ10 ሚሊግራም ብቻ ኤልዲኤልን ወደ 45 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ከኢንዛይም ግጭቶችም ከሁሉ የራቀው እርሱ ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮችን መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛ፣ ኩላሊታቸው በጣም የደከመ ሰዎች ከ5 ሚሊግራም ጀምረው ከ10 ማለፍ የለባቸውም። ሁለተኛ፣ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ካለበት የጨጓራ ሽሮፕ ጋር በአንድ ጊዜ ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጨጓራ የማያመው ሰው በማይገኝበት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሽሮፑን ከሮሱቫስታቲኑ ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጠጣት ያስፈልጋል። ሌላው ችግር አቅርቦቱ ነው። ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ሲጠፋ ሰው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ማስላክ ይጀምራል፤ በመካከሉም ሁለትና ሦስት ሳምንት ያለ መድኃኒት ያልፋል። ሁልጊዜ የሚገኝ አቶርቫስታቲን፣ አንዳንዴ ብቻ ከሚገኝ ሮሱቫስታቲን ይሻላል ባይ ነኝ።

ከድባቴ መድኃኒቶችስ?

ፍሉኦክሴቲን ጤና ጣቢያ ድረስ የሚገኝ በመሆኑ ብዙ ሕመምተኛ የሚጀምረው በእርሱ ነው። 2ዲ6ን አጥብቆ ይይዛል፤ በ3ኤ4 ላይ ያለው ጫና ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ከአቶርቫስታቲንም ከሮሱቫስታቲንም ጋር በተለመደው መጠን ይወሰዳል፤ ከሲምቫስታቲን ጋርም ቢሆን፣ ሌላ ጣልቃ የሚገባ መድኃኒት እስከሌለ ድረስ፣ ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም ባለው መጠን ብዙ አያሳስብም። የፍሉኦክሴቲን ልዩ ጠባይ በሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ዘመን ነው። ሰውነት ከእርሱ የሚሠራው ሌላው ንጥረ ነገር ለመጉደል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅበት፣ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ እስከ አምስት ሳምንት ድረስ ርዝራዡ ሥራ ላይ ነው። ሽማግሌው «ከተውሁት ሦስት ሳምንት» ያሉት መድኃኒት ያን ቀን ገና ከደማቸው ጨርሶ አልወጣም ነበር ማለት ነው። በአንድ በኩል ይህ ጥሩ ነው፤ አንድ ቀን የረሳ ሰው አይናወጥም። በሌላ በኩል ግን ሐኪሙ መድኃኒት ሲቀይር ያን ርዝራዥ ማስላት አለበት።

ሰርትራሊን በእኔ ሚዛን ልባቸው ለታመመና ስታቲን ለሚወስዱ ሰዎች የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ምክንያቱ ከስታቲን ጋር አለመጋጨቱ ብቻ አይደለም፤ የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ድንገተኛ ሕመም ባገኛቸው ሰዎች ላይ በቀጥታ የተፈተነ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ ጥናት በቅርብ ጊዜ የልብ ሕመም ደርሶባቸው ድባቴ የያዛቸውን 369 ሰዎች በሁለት ከፍሎ፣ ሰርትራሊን የወሰዱት የልባቸው አሠራር ከሌሎቹ እንዳልከፋ አሳይቷል።

ሲታሎፕራምና ኤሲታሎፕራም ከስታቲን ጋር የሚያጋጭ ጠብ የላቸውም ማለት ይቻላል። የሲታሎፕራም ገደብ በልብ የኤሌክትሪክ ምት ላይ ነው፤ ዕድሜው ከ60 ዓመት ያለፈ ሰው ከ20 ሚሊግራም እንዲበልጥ አይመከርም። ስታቲን የሚወስደው ሕዝብ በአብዛኛው በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ስለሆነ፣ ይህን ቁጥር ሕመምተኛው ራሱ ቢያውቀው አይከፋም።

አሚትሪፕቲሊን ነገር ያበዛል። ርካሽ ነው፤ በየቦታው አለ፤ ለእንቅልፍ፣ ለራስ ምታትና ለነርቭ ሕመምም ይታዘዛል። ከስታቲን ጋር በኢንዛይም አይጋጭም። ይሁን እንጂ ስታቲን የታዘዘለት ሰው ብዙውን ጊዜ ልቡ ወይም የደም ሥሩ ስጋት ያለበት ሰው ነው፤ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ የልብን ምት ሊያዛባ፣ ሲነሡ ደም ግፊትን ሊጥልና ክብደት ሊጨምር ይችላል፤ የልብ ድንገተኛ ሕመም በቅርቡ ለደረሰበት ሰውም አይሰጥም። ፕሮስቴት ያለባቸው አባቶች ሽንት ሲዘጋባቸው፣ ከፊሉ ጊዜ ምክንያቱ ማታ ማታ የሚወስዷት ትንሽዋ ፍሬ ናት። ከሁሉ በላይ ግን ፍሉኦክሴቲን እየወሰደ ለእንቅልፍ ብሎ አሚትሪፕቲሊን የሚጨምር ሰው መጠንቀቅ አለበት፤ ፍሉኦክሴቲን የአሚትሪፕቲሊንን ወፍጮ ስለሚይዘው መጠኑ በደም ውስጥ በእጥፍና ከዚያ በላይ ሊያሻቅብ ይችላል። እንግዲህ ሰው ስታቲኑን ሲፈራ፣ የተጋጩት ሁለቱ የጭንቀት መድኃኒቶች ሆነው ይገኛሉ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ፓሮክሴቲን ከስታቲን ጋር አይጋጭም፤ ክብደት ይጨምራል፤ በድንገት ከቆመም ያንገላታል። ፍሉቮክሳሚን ብዙ ወፍጮዎችን በአንድ ጊዜ የሚይዝ በመሆኑ ከሲምቫስታቲን ጋር ባይጣመር ይመረጣል፤ የግድ ካስፈለገ ስታቲኑ ሮሱቫስታቲን ወይም ፕራቫስታቲን ይሁን። ቬንላፋክሲን ኢንዛይሞችን እምብዛም አይነካም፤ ደም ግፊትን ግን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ግፊት ላለበት ሰው እየለኩ መስጠት ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ ራሱ ኮሌስትሮል ሲጨምር

ንጽጽሩ በኢንዛይም ብቻ ከተሠራ ጎደሎ ይሆናል፤ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች ስታቲኑን ሳይነኩት ሥራውን ያበዙበታልና። ሚርታዛፒን እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለጠፋበት ሰው መልካም መድኃኒት ነው፤ ከስታቲን ጋርም አይጣላም። ሆኖም ከመፈቀዱ በፊት በተደረጉት ሙከራዎች ኮሌስትሮላቸው ከመደበኛው ጣሪያ በ20 በመቶና ከዚያ በላይ ያለፈባቸው ሰዎች፣ ሚርታዛፒን ከወሰዱት መካከል 15 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት መካከል ግን 7 በመቶ ነበሩ። ቬንላፋክሲንም ለወራት ሲወሰድ በጥቂት ሰዎች ላይ ኮሌስትሮልን ያነሣል። ስለዚህ ስታቲኑን በትክክል እየዋጠ ቁጥሩ የማይወርድለት ሰው፣ ስታቲኑ ከመጨመሩ በፊት አብሮ የተጀመረው የድባቴ መድኃኒት ምን እንደሆነና ክብደቱ ምን ያህል እንደ ጨመረ ቢጠየቅ ይሻላል። የስታቲን መጠን በእጥፍ ሲያድግ የሚገኘው ተጨማሪ ቅናሽ 6 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑም አይዘንጋ።

ስታቲን ራሱ ድባቴ ያመጣል የሚለው ስጋትም በተደጋጋሚ ይነሣል። በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተደረጉት ከባዶ ክኒን ጋር የሚያነጻጽሩ ሙከራዎች ይህን አላሳዩም። ድባቴን የሚፈውስም አይደለም።

ሦስተኛው መድኃኒት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ስታቲንና የድባቴ መድኃኒት ይዞ ለዓመታት በሰላም የኖረ ሰው አንድ ቀን ሳል ይይዘውና ክላሪትሮማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን ይታዘዝለታል። ሁለቱም 3ኤ4ን ይዘጋሉ፤ ከሲምቫስታቲን ጋር ፈጽሞ አይሰጡም። አንቲባዮቲኩ ለአንድ ሳምንት ከሆነ፣ ሐኪሙ ሲምቫስታቲኑን ለዚያ ሳምንት ብቻ ሊያስቆመው ይችላል፤ ወይም አዚትሮማይሲንን ይመርጣል። ለፈንገስ የሚዋጡት ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞልም እንዲሁ ናቸው። ሪቶናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲን ጨርሶ አይወስድም፤ ዶሉቴግራቪር በሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ግን በዚህ በኩል ስጋት የለበትም። ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብ ለመቀነስ የሚታዘዘው ጄምፋይብሮዚል ደግሞ ከሲምቫስታቲን ጋር የተከለከለ ሲሆን፣ ከሌሎቹ ስታቲኖች ጋርም ባይደረብ ይመረጣል።

ተቃራኒ የሚሠሩም አሉ፤ ወፍጮውን እንደ መዝጋት ሁለተኛና ሦስተኛ ወፍጮ እንደሚተክሉ ያሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒን፣ ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ስታቲኑን ቶሎ አስፈጭተው ያስወጡታል። ካርባማዜፒን ለስሜት መዋዠቅም ስለሚታዘዝ እዚህ ላይ በልዩ ሁኔታ ይመለከተናል፤ ከሲምቫስታቲን ጋር ሲወሰድ የሲምቫስታቲኑ የደም መጠን እስከ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ሰውየው በየማታው ይውጣል፤ ኮሌስትሮሉ ግን ንቅንቅ አይልም።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልክላቸው ሰዎች ደግሞ ለድባቴ «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ የሚሸጠውን የሃይፔሪኩም ዕፅ ካፕሱል ይዘው ይመጣሉ። የአውሮፓው ዓይነት ሃይፔሪኩም 3ኤ4ን አበርትቶ ሲምቫስታቲንንና አቶርቫስታቲንን ያዳክማል፤ ከፍሉኦክሴቲንና ከሰርትራሊን ጋር ሲደረብ ደግሞ ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል መልእክት አመላላሽ ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ሆኖ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና መቀባዠር ሊያስከትል ይችላል። በጮቄ ደጋ ላይ ቢጫ አበባውን የምናውቀው አሜጃ የዚሁ ዕፅ ዘመድ ነው፤ እኔ የምናገረው ግን ስለ ካፕሱሉ ነው።

አስፒሪንም ሊረሳ አይገባም። ስታቲን የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ ትንሽዋን አስፒሪን አብሮ ይወስዳል፤ ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊንና መሰሎቻቸው ደግሞ የደም መርጋትን በመጠኑ ስለሚያዳክሙ፣ ሁለቱ ሲገናኙ የጨጓራ መድማት ዕድል ይጨምራል። በዚያ ላይ ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ ከተጨመረ አደጋው ከፍ ይላል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ክሎፒዶግሬል ለሚወስድ ሰው ደግሞ ፍሉኦክሴቲንና ፍሉቮክሳሚን መድኃኒቱ ሥራ የሚጀምርበትን ኢንዛይም ስለሚይዙ ሰርትራሊን ወይም ኤሲታሎፕራም ይሻለዋል።

ቁርጥማቱ ከምን ነው?

ጡንቻ መቆርጠም በጎጃም ብዙ ስም አለው፤ ብርድ ነው፣ የእርሻ ድካም ነው፣ ሪህ ነው ይባላል። ድባቴም በሰውነት ሕመምና በመዛል የሚገለጽበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ብዙ ትልልቅ ሙከራዎችን በአንድ ላይ የመረመረ ጥናት፣ የጡንቻ ሕመም ያሉት ሰዎች ስታቲን ከወሰዱት መካከል 27.1 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት መካከል ደግሞ 26.6 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ አብዛኛው ቁርጥማት የስታቲን አይደለም። የስታቲኑ ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ወገን፣ በጭንና በትከሻ፣ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ ወይም ሌላ መድኃኒት በተደረበ በሳምንታት ውስጥ ይመጣል። ሽንት እንደ ኮካኮላ ከጠቆረና ከበርጩማ መነሣት ካቃተ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ስታቲኑን አቁሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ሲኬ የሚባለው የደም ምርመራ የጡንቻውን ጉዳት ያሳያል።

በዚህ ምክንያት፣ ድንገተኛ ነገር ከሌለ በቀር፣ ስታቲኑንና የድባቴውን መድኃኒት በአንድ ሳምንት ባይጀምሩ እመርጣለሁ። አንዱን ጀምሮ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቆይቶ ሁለተኛውን ማስከተል፣ ድካም ወይም ማቅለሽለሽ ሲመጣ ከየትኛው እንደሆነ ለመለየት ይረዳል። የልብ ድንገተኛ ሕመም ለደረሰበት ሰው ግን ስታቲን የሚዘገይ መድኃኒት አይደለም።

ጾም፣ ጸበልና አረቄ

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ሁለቱንም መድኃኒቶች ከጾም ሰዓት ውጭ ማድረግ ይቻላል። አቶርቫስታቲን ወይም ሲምቫስታቲን ማታ ይወሰዳል፤ ፍሉኦክሴቲን እንቅልፍ ሊነሣ ስለሚችል ጾሙ እንደ ተፈታ፣ ሰርትራሊን ደግሞ እንቅልፍ ካልረበሸ ከራት በኋላ ሊሆን ይችላል። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ቅቤና ሥጋ ስለማይበላ፣ በጾሙ ማብቂያ የተሠራን የኮሌስትሮል ውጤት ከፋሲካ በኋላ ከተሠራው ጋር አነጻጽሮ መድኃኒት መቀየር ሊያሳስት ይችላል።

ጸበል ለመግባት ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚከርሙ ሰዎች መድኃኒታቸውን ቤት ትተው ሲሄዱ አያለሁ። ስታቲን ለሁለት ሳምንት ቢቋረጥ ሰው አይሰማውም፤ ኮሌስትሮሉ ግን ይመለሳል። ፓሮክሴቲን፣ ቬንላፋክሲን ወይም ሰርትራሊን በድንገት ሲቆም ማዞር፣ መነጫነጭ፣ ራስ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ያ ምልክት ደግሞ በጸበሉ ስፍራ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ይህን የሚመክሩ ካህናት ከእኔ ይልቅ ይሰማሉና እነርሱን ማማከሩ አይጎዳም። አረቄን በተመለከተ ግን የማስማማው ነገር የለኝም። ጉበትን ያደክማል፤ ከአሚትሪፕቲሊንና ከሚርታዛፒን ጋር ሲሆን ያደነዝዛል፤ ድባቴውንም ያባብሳል።

ሽማግሌውና ፌስታሉ

ሁሉንም ጥንዶች መዝኜ፣ ለብዙ ሰው የሚስማማው አቶርቫስታቲን ከሰርትራሊን ጋር ነው እላለሁ፤ ሰርትራሊን ከሌለ ፍሉኦክሴቲን ይተካዋል። ሪቶናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት ወይም ሌላ 3ኤ4ን የሚዘጋ መድኃኒት ለዘለቄታው ለሚወስድ ሰው ስለ ስታቲኑ ዓይነትና መጠን ሐኪሙ ለብቻው ያስብበት። ሲምቫስታቲን ብቻ በሚገኝበት ቦታ ደግሞ አምሎዲፒን ለሚወስድ ሰው መጠኑ ከ20 ሚሊግራም ሳያልፍ፣ ከላይ የተጠቀሱት እንግዶች ሳይደረቡበት፣ በደንብ ያገለግላል።

ለሽማግሌው ይህን ሁሉ አላወራሁላቸውም። «አባቴ፣ የጭንቀቱ መድኃኒት ጠላት አይደለም፤ የስቡና የግፊቱ ናቸው መጠን ያልተስማሙት» ብዬ በወረቀት ጽፌ ወደ ላካቸው ሐኪም መለስኋቸው። ሐኪሙ ሲምቫስታቲኑን ወደ አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም ቀየረላቸው፤ ፍሉኦክሴቲኑንም እንዲቀጥሉ አደረገ። በስድስተኛው ሳምንት ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ተፈትቷል፤ ልጃቸው ቤት ሰርግ እንደ ሄዱም ነገሩኝ። እግራቸው ግን አሁንም ይቆረጥማቸዋል።

ፌስታሉን እንዲፈቱልኝ ለመንኋቸው። ከአቶርቫስታቲኑ አጠገብ የድሮው ሲምቫስታቲን አለ፤ ከተራው ውስጥ ስምንት ፍሬ ብቻ ቀርቶታል። «ገንዘብ የወጣበት ነገር ይጣላል እንዴ? አዲሱን ጠዋት፣ የድሮውን ማታ እያደረግሁ እየጨረስሁት ነው» አሉኝ። ስምንቱን ፍሬ ተቀብዬ፣ በእርሳቸው ፊት ከማሸጊያው አውጥቼ፣ ሊጣሉ ወደ ተለዩት መድኃኒቶች ሣጥን ጨመርኋቸው፤ ሽማግሌው እያንዳንዷ ስትወድቅ በዓይናቸው ቆጠሯት።